አዲሱ ሲስተም መጀመሪያ ሰርቪስ ቤት ይደር፦ ሊኑክስን በቨርቹዋልቦክስ የመሞከሪያ መመሪያ

ባሕር ዳር፣ ፔዳ በር አካባቢ ኮፒ ቤት ያላቸው ጎረቤት አሉኝ። እትዬ ነው የምላቸው። ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ የእድር ደብዳቤ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ሲጽፉና ሲያትሙ ይውላሉ። ላፕቶፓቸው አሮጌ ነው፤ ዊንዶውስ 10 ነው ያለው። ማይክሮሶፍት ደግሞ ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል።

«ልጄ፣ ይኼ ነገር ሊሞትብኝ ነው እንዴ?» አሉኝ።

አይሞትም። እንደ ድሮው ይሠራል። ግን የደኅንነት ማሻሻያ በመደበኛው መንገድ አይመጣለትም። ዊንዶውስ 11 ደግሞ የእሳቸውን ማሽን አይቀበልም፤ ፕሮሰሰሩ አርጅቶበታል። አዲስ ላፕቶፕ ይግዙ እንዳልል ዋጋውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ሊኑክስ እንሞክር አልኳቸው፤ በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ነጻ ሲስተም ነው።

«እንሞክር» ያልኩት ግን አስቤበት ነው። ከዓመታት በፊት እኔ ራሴ ሳልሞክር ዘልዬ ገብቼ ነበር። ማታ ላይ ነው፣ እንቅልፌ መጥቷል፣ «ዲስኩን አጥፍተህ ጫን» የሚለውን ምርጫ ሳላነብ ነካሁት። በማግስቱ የአራት ዓመት ፎቶና አንድ ሙሉ የጥናት ጽሑፍ የለም። ከዚያ ወዲህ ሕጌ አንድ ነው። አዲስ ሲስተም መጀመሪያ ሰርቪስ ቤት ያድራል።

ሰርቪስ ቤቱ ምንድን ነው?

ቨርቹዋል ማሽን ማለት በኮምፒውተራችሁ ውስጥ የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር ነው። ግቢውን አስቡት። ዊንዶውስ ዋናው ቤት ውስጥ ይኖራል። ሊኑክስ ጓሮ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ ይገባል። መብራቱንና ውኃውን ከዋናው ቤት ይጋራል፤ ራሙን፣ ፕሮሰሰሩን፣ ኢንተርኔቱን ማለቴ ነው። የዋናው ቤት ቁልፍ ግን የለውም። ካልተስማማችሁ ታስወጡታላችሁ። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ አይቢኤም በ1972 እ.ኤ.አ. ለትልልቅ ማሽኖቹ ቪኤም/370 የሚባል ሲስተም አውጥቶ ነበር። ዛሬ እኛ ቨርቹዋልቦክስ በሚባል ነጻ ፕሮግራም እንሠራዋለን። ተከራዩ ደግሞ ሊኑክስ ሚንት ይሁን፤ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀለል ያለው ዓይነት። ለምን ሚንት? መልኩ ከዊንዶውስ ብዙም አይርቅም። ሜኑው ታች በግራ ነው፣ ሰዓቱ በቀኝ። እትዬን ለማስለመድ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

መጀመሪያ ማሽናችሁን እዩ

ራም 8 ጊጋ ካላችሁ ቀጥሉ። 4 ጊጋ ብቻ ከሆነ ይቅርባችሁ፤ ዋናው ቤትም ሰርቪሱም ይራባሉ። ለእናንተ የሚሻለው ከፍላሽ ላይ ሳይጫን የሚሠራው ዘዴ ነው፤ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። ዲስካችሁ ላይ ደግሞ 40 ጊጋ ያህል ክፍት ቦታ ይኑር።

ቀጥሎ ኮንትሮል፣ ሺፍትና እስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ ውስጥ ግቡና ሲፒዩ የሚለውን ንኩ። ከግራፉ ሥር «ቨርቹዋላይዜሽን» የሚል መስመር አለ። «ኢኔብልድ» ካለ ደስ ይበላችሁ። «ዲሴብልድ» ካለ ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት በሚነሳው የማሽኑ መሠረታዊ ማስተካከያ ውስጥ፣ ገብታችሁ ማብራት አለባችሁ። ላፕቶፑን አጥፍታችሁ ስታበሩ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ10፣ ዴል ከሆነ ኤፍ2፣ ሌኖቮ ከሆነ ኤፍ1 ወይም ኤፍ2 ደጋግማችሁ ምቱ። ኢንቴል ላይ «ቨርቹዋላይዜሽን ቴክኖሎጂ» ወይም «ቪቲ ኤክስ» ይላል፤ ኤኤምዲ ላይ «ኤስቪኤም»። አብሩት፣ ሴቭ አድርጋችሁ ውጡ። እዚያ ውስጥ ሌላ ምንም አትንኩ። ባዮስ የመዝናኛ ቦታ አይደለም።

ይህን የዘለለ ሰው በኋላ ቨርቹዋልቦክስ ውስጥ የ32 ቢት ምርጫ ብቻ ያይና ግራ ይገባዋል። ወይም ማሽኑ ገና ሲነሳ በእንግሊዝኛ ተቆጥቶ ይዘጋል።

ማውረድ

የሚያስፈልጉት ሦስት ፋይሎች ናቸው። አንደኛው ቨርቹዋልቦክስ ነው። ሁለተኛው ማይክሮሶፍት ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ የሚባለው ትንሽ ጥቅል ነው፤ ቨርቹዋልቦክስ 7 ይህ ከሌለ አልጫንም ይላል። ሦስተኛውና ትልቁ የሚንት አይኤስኦ ፋይል ነው፣ ሙሉውን ሲስተም በአንድ ፋይል የያዘው፤ 3 ጊጋ ባይት ገደማ ይሆናል። ሁሉንም ከራሳቸው ከባለቤቶቹ ድረ ገጽ አውርዱ። በቴሌግራም የሚዞረውን አትመኑ።

3 ጊጋ በቀን ዳታ ማውረድ ያቃጥላል። እኔ የሌሊት ጥቅል ገዝቼ ነው የማወርደው። ኔትወርኩ የሚቆራረጥባችሁ ከሆነ የቶረንቱን መንገድ ምረጡ፤ ሲቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል፣ የወረደውንም ራሱ ያጣራል። ጓደኛ ያወረደው ካለ ደግሞ በፍላሽ ተቀበሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር፦ ብዙ ፍላሽ ፋት32 በሚባል አሠራር ፎርማት የተደረገ ነው፤ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ሚንት ይገባል። ኡቡንቱ 24.04 ግን ከ5 ጊጋ በላይ ስለሆነ «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» ብሎ ይመልስባችኋል፤ ፍላሹ ባለ 64 ሆኖ እንኳ።

ከጓደኛ ከተቀበላችሁ ፋይሉ መበላሸት አለመበላሸቱን አጣሩ። ሰቨን ዚፕ ካላችሁ ፋይሉ ላይ በቀኝ ክሊክ አድርጉና ኤስኤችኤ 256 የሚለውን ምረጡ። 64 ፊደልና ቁጥር ይወጣል፤ የፋይሉ አሻራ በሉት። ሚንት ድረ ገጽ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን አራትና የመጨረሻውን አራት አይቶ ይተወዋል። እስከ ዳር አንብቡት፤ አንድ ደቂቃ ነው።

ቨርቹዋልቦክስን መጫን

ትንሹን ጥቅል አስቀድሙ፣ ከዚያ ቨርቹዋልቦክስን። ኔክስት፣ ኔክስት ነው። መሐል ላይ ስለ ኔትወርክ ያስጠነቅቃል። የሚለው እውነት ነው፤ ኢንተርኔታችሁ ለጥቂት ሰከንድ ይቋረጣል። የሚወርድ ነገር ካለ ይጨርስ።

ክፍሉን ማዘጋጀት

ቨርቹዋልቦክስን ክፈቱና «ኒው» የሚለውን ንኩ። ስም ስጡት። አይኤስኦ በሚለው ቦታ ያወረዳችሁትን ፋይል አሳዩት። እዚሁ አካባቢ በራሱ እንዲጭን የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ «አንአተንድድ» ይላል። እንደ ቨርዥኑ አንዱ ላይ ምልክት ይደረግበታል፣ ሌላው ላይ ይነሳበታል። በየትኛውም መንገድ በራሱ እንዲጭን አትፍቀዱለት። የመጣነው ለመልመድ ነው፤ ያለ እኛ እጅ ከተጫነ ምኑን ለመድነው?

ራም፦ 8 ጊጋ ካላችሁ ከ3 እስከ 4 ጊጋ ስጡት። አግድም የተሰመረው አረንጓዴ መስመር ቀይ ሲሆን ከመጠን አልፋችኋል ማለት ነው። ፕሮሰሰር፦ 2። ዲስክ፦ ሚንት ቢያንስ 20 ጊጋ ይፈልጋል፣ እኔ 30 እሰጠዋለሁ። አትደንግጡ፣ 30ው ወዲያው አይወሰድባችሁም። ሙሉውን አሁኑኑ ያዝ የሚለውን ምርጫ ካልነካችሁ ፋይሉ በትንሹ ጀምሮ እየሞላ ነው የሚያድገው። ግን ያደገ በራሱ አይቀንስም። ውስጡ ያለውን ብትሰርዙም ፋይሉ እንደወፈረ ይቀራል።

ከፈጠራችሁት በኋላ ሴቲንግስ ውስጥ ዲስፕሌይ ላይ ግቡና የቪዲዮ ሜሞሪውን 128 አድርጉ። ሌላውን እንዳለ ተዉት። ኔትወርኩ «ናት» ላይ ነው፤ ጥሩ ነው። የእናንተን ዋይፋይ ወይም ዳታ ተከትሎ ይወጣል። ተከራዩ በገመድ የተገናኘ ይመስለዋል፤ ሲም ካርድ ላይ እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ ማሻሻያ ላውርድ ሲላችሁ ዝም ብላችሁ እሺ አትበሉት። ጥቅላችሁን ጠጥቶ ይጨርሳል።

ሚንትን መጫን

«ስታርት» በሉት። ትንሽ ቆይቶ የሚንት ዴስክቶፕ ይመጣል። ይህ ገና ያልተጫነ፣ ከአይኤስኦው ላይ በቀጥታ የሚሠራ ነው። ፋየርፎክስ ክፈቱ፣ ተዘዋወሩ። ከዚያ ዴስክቶፑ ላይ ያለውን «ኢንስቶል ሊኑክስ ሚንት» ሁለቴ ንኩ። ቋንቋ፣ ኪቦርድ፣ ኮዴክ (ቪዲዮና ሙዚቃ ለማጫወት የሚያስፈልገው) ይጠይቃል። ኮዴኩ ኢንተርኔት ይበላል፤ ቪዲዮ ካልፈለጋችሁ ለሌላ ጊዜ።

ከዚያ ያቺ ገጽ ትመጣለች። «ዲስኩን አጥፍተህ ሚንትን ጫን»። እትዬ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። እንግሊዝኛውን ያነባሉ። ማውሱን የያዘውን እጄን ቀጨም አደረጉት።

«አንተ! የሰው ውል አለ እኮ እዚህ ውስጥ!»

እውነታቸውን ነው። በእውነተኛ ዲስክ ላይ ቢሆን እኔም እጄን እሰበስብ ነበር። የዲስኩን መጠን አሳየኋቸው። የእሳቸው ዲስክ 500 ጊጋ ነው፤ እዚህ የሚያሳየው ባለ 30ውን ብቻ ነው። ተከራዩ የሚያየው የራሱን አራት ግድግዳ ነው። አጥፋ ቢባል የሚያጠፋው ያንኑ ነው። እናንተም ከመጫናችሁ በፊት መጠኑን እዩ። መስኮቱ ቨርቹዋልቦክስ ውስጥ መሆኑንም አረጋግጡ። ከዚያ ያለ ፍርሃት ንኩት።

የሰዓት ክልል ሲጠይቅ አዲስ አበባን ምረጡ። ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ስድስት ሰዓት መቀነሱ የእናንተ ሥራ። የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ስጡት፤ የይለፍ ቃሉን ጻፉት፣ ፕሮግራም በጫናችሁ ቁጥር ይጠይቃችኋል። አሁን ቡና ይፈላ። የዘጌ ቡና ካላችሁ እድለኛ ናችሁ። ሲጨርስ ሪስታርት ይላል፣ ከዚያ ሲዲውን አውጥታችሁ ኢንተር ምቱ ይላል። ሲዲ የለም፤ ኢንተሩን ብቻ ምቱ።

መብራት ሲሄድ

የእትዬን ስንጭን ግማሽ ላይ መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። ድርግም። መብራቱ ሲመለስ ሚንት ጥቁር ስክሪን ላይ የማይገባ ጽሑፍ ደርድሮ ቆመ። ዊንዶውስ ግን ደኅና ተነሳ፣ ውሎቹ በቦታቸው ናቸው። የተበላሸውን ማሽን ሰርዤ ከ«ኒው» ጀመርኩ። የጠፋው ግማሽ ሰዓት ነው።

ባትሪያችሁ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ቀላል ነው። መብራት ሲሄድ መስኮቱን በኤክሷ ዝጉት። ሦስት ምርጫ ይመጣል፤ «ሴቭ ዘ ማሽን ስቴት» የሚለውን ያዙ። የከፈታችሁት ጽሑፍ፣ ጠቋሚው የቆመበት ፊደል ሳይቀር ባለበት ይተኛል። በማግስቱ ስታስነሱት ካቆማችሁበት ትቀጥላላችሁ።

ስናፕሾት፦ የመመለሻ መንገድ

ተጭኖ ሲያልቅ፣ ምንም ሳትነኩ፣ ስናፕሾት ውሰዱ፤ ማሽኑ በዚያች ቅጽበት ያለበትን ሁኔታ መዝግቦ ማስቀመጥ ነው። ስሙን «ንጹሕ» በሉት። ከዚህ በኋላ ምን ብታደርጉት ወደዚህች ቅጽበት ትመለሳላችሁ። እኔ ሆን ብዬ አበላሸዋለሁ። የማያስፈልግ የመሰለኝን ሁሉ እሰርዛለሁ፣ ሴቲንጉን አገለባብጣለሁ። ሲስተሙ አልነሳ ሲል ማሽኑን አጥፍቼ «ሪስቶር» እላለሁ። ሥራ የሌለው መስሎ ይታያል፤ ግን ሲስተም የሚለመደው እንዲህ ነው። ስናፕሾት ስትደራርቡ ግን ዲስክ ይበላል። ሁለት ይበቃል።

ሦስት የሚያናድዱ ነገሮች

ማውሱ ውስጥ ገብቶ አልወጣ ካለ የቀኙን ኮንትሮል አንዴ ምቱ። ቤታችሁ ጣና ዳር ከሆነና ማታ የምትሠሩ ከሆነ አንዳንዴ ያልታዘዛችሁ ማውሱ ሳይሆን ስክሪኑ ላይ ያረፈ ትንኝ ነው። ደርሶብኛል።

ስክሪኑ ትንሽ ሆኖ መሐል ላይ ከተቀረቀረ ከላይ ካለው «ዲቫይስስ» ሜኑ «ጌስት አዲሽንስ» የሚለውን፣ ተከራዩን ከዋናው ቤት ጋር የሚያግባባውን የምናብ ሲዲ አስገቡና ከውስጡ ያለውን ጫኙን አስነሱ። ሪስታርት ሲያደርግ መስኮቱን በጎተታችሁት ልክ ይሰፋል።

በጣም ከተንቀራፈፈ ደግሞ ከመስኮቱ ግርጌ በቀኝ ያሉትን ምልክቶች እዩ። አረንጓዴ ኤሊ አለች? ኤሊዋ ካለች የዊንዶውስ የራሱ የቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራም፣ ሃይፐር ቪ፣ ፕሮሰሰሩን ይዞታል ማለት ነው። «ተርን ዊንዶውስ ፊቸርስ» ውስጥ ሃይፐር ቪንና ቨርቹዋል ማሽን ፕላትፎርምን አጥፉና ሪስታርት አድርጉ። ካልሄደች ሜሞሪ ኢንተግሪቲ የሚባለው የደኅንነት መከላከያ ነው። እሱን ለሙከራ ብላችሁ አታጥፉት፤ ከኤሊዋ ጋር ኑሩ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ፦ አማርኛ

ብዙ ሰው ሊኑክስን ሲሞክር ልጣፍ ይቀይራል፣ ዩቲዩብ ያያል፣ «አሪፍ ነው» ብሎ ይዘጋል። ይኼ ሙከራ አይደለም። ሙከራ ማለት የዘወትር ሥራችሁን አምጥታችሁ እዚያ መሥራት ነው። እትዬ ጋ ያ ማለት አማርኛ መጻፍ ነው።

ሚንት ላይ ኪቦርድ ሴቲንግ ውስጥ «አምሃሪክ» የሚል አለ። ለመደ እጅ አይመችም። የሚሻለው አይባስ የሚባለው የመጻፊያ ፕሮግራም ነው። ከሶፍትዌር ማናጀር «አይባስ ኤም17ኤን» የሚለውን ጫኑ። «ኢንፑት ሜተድ» በሚለው መሣሪያ አይባስን ምረጡ፣ ወጥታችሁ ግቡ። ከዚያ አይባስ ፕሪፈረንስ ውስጥ አማርኛን ፈልጉና «ሴራ» የሚለውን ጨምሩ። በላቲን ፊደል ሰላም ብላችሁ ስትመቱ በግዕዝ ፊደል ሰላም ይላችኋል። ዊንዶውስ ላይ ከለመዳችሁት ጥቂት ፊደሎች ቦታቸው ይለያል። እትዬን ያስቸገረቻቸው «ጸ» ናት፤ ሁለት ቀን አኮረፏት።

አማርኛው በሣጥን ከታያችሁ ፎንት የለም ማለት ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ከዚያው ከሶፍትዌር ማናጀር ጫኑ።

ሰነዶቹን ማምጣት

ዊንዶውስ ላይ አንድ ፎልደር ፍጠሩና የተወሰኑ ፋይሎች ቅጂ አስገቡበት። ዋናዎቹን አይደለም፤ ቅጂ። በማሽኑ ሴቲንግስ ውስጥ «ሼርድ ፎልደርስ» ላይ ጨምሩት፣ «ሪድ ኦንሊ» እና «አውቶ ማውንት» የሚሉት ላይ ምልክት አድርጉ። ይኼ እንዲሠራ ጌስት አዲሽንስ የግድ ነው። ሚንት ላይ ፎልደሩን ስትከፍቱ ፈቃድ የለህም ካለ «ዩዘርስ ኤንድ ግሩፕስ» ውስጥ ግቡና ስማችሁን «ቪቦክስኤስኤፍ» ከሚባለው ግሩፕ ጨምሩ፤ ሪስታርት። ብዙ ሰው እዚህች ላይ ተስፋ ቆርጦ ይተዋል።

አሁን ፋይሎቹን በሊብሬኦፊስ፣ የሚንት ዎርድ በሉት፣ ክፈቱ። የእትዬ ሰነዶች ሦስት ቦታ ተከፈሉ። በቅርብ የተጻፉት ደኅና ተከፈቱ። ሁለተኛዎቹ ተከፈቱ፣ ግን መልካቸው ተናጋ፤ አንድ ገጽ የነበረው ውል ሁለት መስመሩን ወደ ሁለተኛው ገጽ አሳለፈ፣ ፊርማው ብቻውን ቀረ። ምክንያቱ ኒያላ ነው። የዊንዶውስ የአማርኛ ፎንት ነው፤ ሚንት ላይ ስለሌለ ሌላ ፎንት ተተካበት፣ የፊደሉ ስፋት ተለየ። ፎንቱን በአንድ ነጥብ ስንቀንስ ተስተካከለ።

ሦስተኛዎቹ ናቸው ችግሮቹ። ከ15 ዓመት በፊት በድሮ ፎንት የተጻፉ የእድር መተዳደሪያዎች። ሲከፈቱ የላቲን ፊደል፣ ነጥብና ቅንፍ ዝብርቅርቅ ሆነው መጡ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ የዓለም ፊደሎች ሁሉ በሚጋሩት የኮምፒውተር ኮድ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያም በኋላ ለዓመታት ብዙ ጸሐፊ ዩኒኮድ ባልሆነ ፎንት ሲጽፍ ኖሯል። እነዚያ ፋይሎች ውስጥ ያለው አማርኛ ሳይሆን የአማርኛ መልክ የለበሰ የላቲን ፊደል ነው። ፎንቱ ሲወልቅ ራቁቱን ይቀራል። ይህ የሊኑክስ ጥፋት አይደለም፤ ፎንቱ የሌለበት ዊንዶውስም ያው ነው። ግን ዊንዶውስን ካጠፉ በኋላ ማወቅና አሁን ማወቅ አንድ አይደለም። እትዬ እነዚያን ፋይሎች ከዊንዶውሱ ወደ ፒዲኤፍ እየቀየሩ ነው፤ በቀን አምስት አምስት።

ፕሪንተርም እዚሁ ይሞከራል። በዩኤስቢ የተሰካ ከሆነ «ዲቫይስስ» ውስጥ ዩኤስቢ ላይ ስሙን ንኩ። ከዊንዶውስ ይነቀልና ለተከራዩ ይሰጣል። አንድ ገጽ አትሙ።

ሰርቪስ ቤቱ የማይነግራችሁ

ዋይፋያችሁ ይሠራ እንደሆነ በዚህ አታውቁም። ተከራዩ የእናንተን የዋይፋይ ካርድ አይቶት አያውቅም። ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ ክዳኑን ስትዘጉ ተኝቶ ይነሳ እንደሆነ፣ የስክሪኑ ብርሃን ይቀንስ እንደሆነም እንዲሁ። ፍጥነቱንም በዚህ አትፍረዱ፤ በእውነተኛው ማሽን ላይ ይፈጥናል። ለእነዚህ ያንኑ አይኤስኦ ሩፉስ በሚባለው ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጻፉና ከፍላሹ አስነሱ፤ ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ ባዶውን ተጠቀሙ። ዲስኩን ሳትነኩ «ኢንስቶል» ሳትሉ ዋይፋዩን ሞክሩ። 4 ጊጋ ራም ላላችሁም መንገዳችሁ ይኼው ነው። እዚህ ላይ ግን ዲስኩ እውነተኛው ነው። «አጥፍተህ ጫን» ካላችሁ የሚጠፋው ዋናው ቤት ነው።

ካልወደዳችሁት ማስወጣቱ ቀላል ነው። ማሽኑን አጥፉ፣ ስሙ ላይ በቀኝ ክሊክ፣ «ሪሙቭ»። ሁለት ምርጫ ይመጣል። ከዝርዝሩ ብቻ የሚያወጣውን ከመረጣችሁ 30 ጊጋው ዲስካችሁ ላይ ተደብቆ ይቀራል፤ «ዲሊት ኦል ፋይልስ» በሉ።

እትዬ አላስወጡትም፣ ወደ ዋናው ቤትም አላስገቡትም። አዲስ የሚመጣውን ማመልከቻ ሚንት ላይ ይጽፋሉ፣ የድሮውን ዊንዶውስ ላይ ይከፍታሉ። ባለፈው አንድ ደንበኛ ውሉን ይዞ ከቢሮ ተመልሶ «ሲስተም የለም አሉኝ» ሲላቸው «እኔ ጋ ሁለት አለ» ሲሉት ሰማሁ።